አይጧ የተጠየቀችውን መልሳለች፦ ስለ ኖክአውት አይጦች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በባሕር ዳር የፊዚዮሎጂና የፋርማኮሎጂ ተማሪዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ያነሷቸው ነጥቦችም በዋዛ የሚታለፉ አይደሉም። የክርክራቸው ፍሬ ነገር፣ አንድ ጂን ሆን ተብሎ በጠፋባቸው አይጦች፣ ማለትም ኖክአውት በሚባሉት፣ የኒውሮፔፕታይድ ሪሴፕተርን ሥራ አጠናለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው የሚል ነው። አምስት ምክንያት ያቀርባሉ፦ አይጥ ሰው አይደለችም፤ የጠፋውን ጂን ሌላው ስለሚተካው ውጤቱ ያሳስታል፤ በዚህ መንገድ ተስፋ የተጣለባቸው መድኃኒቶች ወድቀዋል፤ ውጤቱ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል፤ በመጨረሻም ጣና ዳር ተቀምጠን የሀብታም አገር ሥራ ለተማሪ ማስተማር የለብንም።

ጽሑፉን ያነበበ አንድ ተማሪ የኖክአውት ጥናቶችን የሚመለከተውን ክፍል ከመመረቂያ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ሊያወጣ እንደሆነ ነገረኝ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው። ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ፤ በድምዳሜያቸው ግን አልስማማም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለምን እንደምንነጋገር ግልጽ ይሁን። ኒውሮፔፕታይድ የነርቭ ሴል የሚለቀው አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በሌላ ሴል ገጽ ላይ ባለ ሪሴፕተር ላይ ሲያርፍ ነው። ሪሴፕተሩ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ በመድኃኒት መዝጋት ይቻላል፤ ወይም ሪሴፕተሩን የሚያስገኘውን ጂን ከሥሩ ማጥፋት ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው ማርቲን ኢቫንስ በ1981 ከአይጥ ፅንስ ግንደ ሴል፣ ማለትም ወደ ማንኛውም የአካል ክፍል ሊያድግ የሚችል ሴል፣ አውጥተው ማሳደግ ከቻሉ፣ ማሪዮ ካፔኪና ኦሊቨር ስሚዚስም በሴል ውስጥ የፈለጉትን ጂን ለይተው መለወጥ እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ ነው። ሦስቱ በ2007 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

በተግባር ሥራው እንዲህ ነው። ከጂኑ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ብቻ የተበላሸባቸው ወንድና ሴት አይጦች ይዳቀላሉ። ግልገሎቹ ትንሽ ጠንከር ሲሉ ከጆሯቸው ወይም ከጅራታቸው ጫፍ ቅንጣት ሥጋ ይወሰዳል፤ ዲኤንኤው በፒሲአር ይባዛና ጄል ላይ ይለያል። የጤናማው ጂን መስመር ብቻ የታየባት ሙሉ ናት፤ ሁለቱም መስመሮች የታዩባት ግማሽ ናት፤ የተበላሸው መስመር ብቻ የታየባት ደግሞ ጂኑ ጨርሶ የጠፋባት ናት። ይህች በአማካይ ከአራት አንዷ ናት። ፈተናው ላይ የሚወዳደሩት እንግዲህ በአንድ ጎጆ የተወለዱ፣ የአንድ እናት ጡት ጠብተው ያደጉ ወንድማማችና እህትማማቾች ናቸው። የሚለካቸው ሰው የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች እንዳያውቅ ይደረጋል። ጸሐፊው ይህንን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ የዘዴው ጉልበት ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። “አይጥ ሰው አይደለችም፤ ስለ ሰው አንጎል ከአይጥ መማር አይቻልም” ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው አይከተልም፤ ለዚህም የኦሬክሲን ታሪክ ይበቃል።

በ1998 ሁለት ቡድኖች ሳይነጋገሩ አንድ ኒውሮፔፕታይድ አገኙ፤ አንዱ ቡድን ኦሬክሲን፣ ሌላው ሃይፖክሬቲን ብሎ ሰየመው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ከምግብ ፍላጎት ጋር እንደሚያያዝ ነበር። የማሳሺ ያናጊሳዋ ቡድን በ1999 ጂኑን ከአይጦች አጠፋ፤ አይጦቹም ቀን ቀን ሲታዩ ደህና ነበሩ። አይጥ የሌሊት እንስሳ ናትና በጨለማ በኢንፍራሬድ ካሜራ ተቀረጹ። ሲሯሯጡ የነበሩት አይጦች በድንገት ባሉበት ክልትው ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይነሱና ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የሚጥል በሽታ ይመስል ነበር። የአንጎል ሞገዳቸው ሲለካ ግን ከንቃት በቀጥታ ሕልም ወደሚታይበት የእንቅልፍ ደረጃ እንደሚገቡ ታወቀ። ይህ ናርኮሌፕሲ ነው። በዚያው ዓመት በስታንፎርድ የኢማኑኤል ሚኞ ቡድን፣ ናርኮሌፕሲን ከዘር የወረሱ ዶበርማን ውሾች የተበላሸባቸው የዚሁ ፔፕታይድ ሁለተኛ ሪሴፕተር ጂን መሆኑን አሳየ። በ2000 ደግሞ በናርኮሌፕሲ ሲሰቃዩ ኖረው የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር ኦሬክሲን የሚሠሩት ሴሎች ከሞላ ጎደል የሉም።

ልዩነቱን ልብ ይሏል። በአይጧ የጠፋው የፔፕታይዱ ጂን ነው፤ በውሻው የሪሴፕተሩ ጂን ነው፤ በአብዛኞቹ ሰዎች ጂኑ ደህና ሆኖ ሴሎቹ ናቸው የጠፉት። መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ኦሬክሲን ንቃትን አጽንቶ የሚይዝ መሆኑ ግን በሦስቱም አንድ ነው። የሪሴፕተር ኖክአውቶቹ ነገሩን የበለጠ አብራሩት። አንደኛው ሪሴፕተር ብቻ ሲጠፋ እንቅልፍ ላይ የሚታየው ለውጥ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ሲጠፋ እንቅልፍ በግድ ይጥላል፤ ጡንቻ በድንገት መክዳቱ ግን ብዙም አይታይም። ሙሉው በሽታ የሚመጣው ሁለቱም ሲጠፉ ነው። ሁለቱንም ሪሴፕተሮች የሚዘጋው ሱቮሬክሳንት በ2014 በአሜሪካ ለእንቅልፍ ማጣት ተፈቀደ፤ ሁለተኛውን የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶችም ለናርኮሌፕሲ ሕመምተኞች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው። ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው፣ ወሬ እያወራ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው በእኛም አገር አለ፤ ሰነፍ ይባላል፣ ሲብስም ሌላ ስም ይሰጠዋል። ይህ ሰው የአንጎል ሴል እንደጎደለበት በምን መንገድ እንደታወቀ ተማሪዎቻችን ማወቅ አለባቸው። ይህንን ክፍል ሰርዙ የሚላቸውን ሰው ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

የምግብ ፍላጎትን የሚገታው፣ ኤምሲ4አር የሚባለው የአንጎል ሪሴፕተርም እንደዚሁ ነው፤ በ1997 የጠፋባቸው አይጦች ከመጠን በላይ ወፈሩ፣ በ1998 ይኸው ጂን የተበላሸባቸው ወፍራም ሰዎች ተገኙ።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት፣ ለክርክራቸው የተሻለ ምሳሌ አለ፤ ለፍትሕ ሲባል እኔ ላንሳው። ኒውሮኪኒን-3 የተባለው ሪሴፕተር ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን እንደማይደርሱ በ2009 ታወቀ። አይጦቹ ግን ሪሴፕተሩ ጠፍቶባቸውም ይዋለዳሉ። እዚህ ላይ አይጧን ብቻ ያመነ ሰው ይሳሳት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው የጉርምስና መንገድ ላይ የሚገኘው የኪስፔፕቲን ሪሴፕተር በ2003 ሲመረመር አይጧና ሰው አንድ መልስ ሰጡ፤ ሁለቱም ያለ እርሱ አይጎረምሱም። ስለዚህ ጥያቄው በየሪሴፕተሩ ተለይቶ የሚመለስ ነው እንጂ “ትሆናለች” ወይም “አትሆንም” ተብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምርጥ ክፍል ነው። ጸሐፊው የጣናን ታንኳ ምሳሌ ያደርጋሉ፦ ከታንኳው አንድ ደንገል ብትመዝ ታንኳው አይሰጥምም፤ ታዲያ ያ ደንገል ሥራ አልነበረውም ልትል ነው? ማስረጃቸው ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ነው። ይህ ፔፕታይድ አንጎል ውስጥ ሲወጋ የጠገበ እንስሳ እንኳ አጥብቆ ይበላል። በ1996 ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ሲወለዱ ግን እንደ ማንኛውም አይጥ በሉ፣ ክብደታቸውም ደህና ሆነ። “ኖክአውቱ ዋሸ” ይላሉ ጸሐፊው።

ምሳሌያቸውን ወድጄዋለሁ፤ ግን አልጨረሱትም። ደንገሉ የተመዘዘው መቼ ነው? ታንኳው ገና ሲታሰር ከሆነ፣ ሠሪው ክፍተቱን በሌላ ደንገል ሞልቶ አጥብቆ ያስረዋል፤ ሐይቁ መሀል ከደረሱ በኋላ ከሆነ ውኃ ይገባል። በ2005 የሪቻርድ ፓልሚተር ቡድን ያደረገው ይህንኑ ነው። ኒውሮፔፕታይድ ዋይን የሚለቁትን የረኃብ ነርቮች በዲፍቴሪያ መርዝ ገደሉ። ነርቮቹ በጨቅላነታቸው የተገደሉባቸው አይጦች ብዙም ሳይጎዱ አደጉ። ካደጉ በኋላ የተገደሉባቸው ግን መብላት አቁመው ተራቡ። እነዚህ ነርቮች ከኒውሮፔፕታይድ ዋይ ሌላ ኤጂአርፒና ጋባ የተባሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ፤ ስለዚህ ሙከራው ስለ ፔፕታይዱ ብቻ አይናገርም። ስለ ጊዜው የሚናገረው ግን ግልጽ ነው፦ በማደግ ላይ ያለ አንጎል የጎደለውን ይተካል፣ የበሰለ አንጎል አይተካም።

ጸሐፊው የዘለሉት ሌላም አለ። በዚያው በ1996፣ ያው ጥናት እነዚህ አይጦች ለሚጥል በሽታ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ፤ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ከልክ ያለፈ የነርቭ መቀስቀስን እንደሚያረግብ የተረዳነው ከዚህ ነው። በዚያው ዓመትም ጂኑ ሌፕቲን የተባለው የጥጋብ ሆርሞን ከሌላቸው እጅግ ወፍራም አይጦች ላይ ሲጠፋ ውፍረታቸው ቀነሰ። አይጧ “ያለ እርሱ መኖርና መብላት እችላለሁ” አለች፤ “ሥራ የለውም” አላለችም። ከተወለደች ጀምሮ የጠፋ ጂን የሚመልሰው ጥያቄ “ያለ እርሱ ምን ማድረግ አይቻልም?” የሚለው ነው። “ጤነኛዋ አይጥ በእርሱ ምን ትሠራለች?” የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለእርሱ ሌላ መሣሪያ አለ። የክሬ-ሎክስ ዘዴ ጂኑን በተመረጠ ሴል ውስጥ፣ ሲያስፈልግም ካደገች በኋላ፣ ለማጥፋት ያስችላል። ጸሐፊው ትችታቸውን ሲጽፉ ይህ ዘዴ የሌለ ይመስል ዝም ብለውታል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን በሥራ ላይ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ስለ ሰብስታንስ ፒ፣ በጽሑፉ ውስጥ ብዙ ሰው ያመነው ነው። ታሪኩን በአጭሩ ልድገመው። ሰብስታንስ ፒን ፎን ኦይለርና ጋዱም በ1931 አገኙት። ቆይቶ የሕመም ስሜት በሚያስተላልፉ ነርቮች ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ “የሕመም መልእክተኛ” ተባለ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ኤንኬ-1 የሚባለውን ሪሴፕተሩን የሚዘጉ መድኃኒቶችን ሠሩ፤ እንስሳት ላይ ተስፋ ሰጡ፤ ሰው ላይ ሕመም አላስታገሱም። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው “የአይጥ ጥናት መቶ ሚሊዮኖችን ገደል ከተተ” ይላሉ።

ገደል የከተተው ግን ኖክአውቷ አይደለችም። ተስፋውን የሰጡት ከእርሷ በፊት በመድኃኒት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። የኤንኬ-1 ጂን የጠፋባቸው አይጦች ጥናት በ1998 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ሰብስታንስ ፒ ድንገተኛ ሕመምን እንደማያስተላልፍ፣ ቁስል ሲያብጥ የሚመጣውን የሕመም መባባስም እንደማያመጣ በግልጽ አስፍሯል። አይጧና ሰው እዚህ ላይ አንድ ቃል ተናገሩ። የጠፋባቸው ሌላ ነገር ነበር፦ ተደጋጋሚ ብርቱ ሕመም ሲመጣ አከርካሪው ምላሹን ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግበት አሠራር፣ በጭንቀት ጊዜ ሕመም የሚደነዝዝበት አሠራር፣ እንዲሁም ጎጆዋ እንግዳ ሲገባባት የምታሳየው የጠብ ስሜት። ሪሴፕተሩ ሰውነት ለአደጋ ከሚሰጠው ምላሽ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። ይህንን ማንም አልጠበቀውም ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ሪሴፕተሩን ትቶ የፔፕታይዱን ጂን አጠፋ፤ የእነዚህ አይጦች ቀላል ሕመም እንዳለ ሆኖ መካከለኛውና ብርቱው ቀነሰ። ጸሐፊው “ሁለቱ ጥናቶች ተጣሉ” ብለው ያልፉታል። አልተጣሉም። ያ ጂን ሰብስታንስ ፒን ብቻ አያስገኝም፤ ኒውሮኪኒን ኤም ከእርሱ ነው የሚወጣው፣ እርሱም በዋናነት የሚያርፈው ሌላ ሪሴፕተር ላይ ነው። ፔፕታይዱ ሲጠፋ የሚጠፋውና ሪሴፕተሩ ሲጠፋ የሚጠፋው አንድ አለመሆኑ ሥራው ለማን ለማን እንደተከፈለ ያሳያል። ለዚህ ነው የሪሴፕተር ኖክአውትን ከፔፕታይድ ኖክአውት ጎን ለጎን የምናነበው።

በ2000 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ኤንኬ-1 የሌላቸው አይጦች ሞርፊን ሲሰጣቸው ሕመማቸው ይታገሳል፤ ሞርፊን የተሰጣቸውን ክፍል ግን መርጠው አይሄዱበትም። ኮኬይንና ምግብ ሲሆን እንደ ጤነኞቹ ይመርጣሉ። የሞርፊን ማስታገሻነትና የሞርፊን ሱስ በአንድ ሪሴፕተር ተለያዩ። ሱስ የሚያስጨንቀው ማንኛውም ሐኪም ይህንን ውጤት ሲያነብ ቆም ማለቱ አይቀርም።

የመድኃኒቱስ መጨረሻ? አፕሬፒታንት በ2003 ተፈቅዶ ዛሬ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ሕሙማንን ከከባድ ማስመለስ ይታደጋል። ይህን ኖክአውት አይጥ ልትነግረን አትችልም ነበር፤ አይጥ አታስመልስምና። ማስመለስ በሚችሉ ሌሎች እንስሳት ነው የተገኘው። አይጧ የማትመልሰው ጥያቄ መኖሩን ከጸሐፊው ጋር አምናለሁ፤ ግን ያልተጠየቀችውን ባለመመለሷ የመለሰችው አይሰረዝም።

አራተኛው ነጥብ ላይ ከሞላ ጎደል እንስማማለን። በ1999 በኦልባኒ፣ በኤድመንተንና በፖርትላንድ ያሉ ሦስት ላቦራቶሪዎች ያንኑ የአይጥ ዘር፣ ያንኑ መሣሪያ፣ ያንኑ ሰዓት ይዘው ሞክረው አንዳንድ ውጤቶች ተለያዩባቸው። ጸሐፊው ይህንን ጠቅሰዋል፤ ደግ አድርገዋል። ያልጠቀሱት፣ ትልልቆቹ የዘር ልዩነቶች፣ ለምሳሌ አልኮል የመምረጥ ልማድ፣ በሦስቱም ከተሞች አንድ ሆነው መገኘታቸውን ነው። የተለያዩት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ስለ ጎረቤት ጂኖች ያሉትም ልክ ነው፤ ግንደ ሴሉ የተወሰደበት ዘርና የሚዳቀልበት ዘር ሲለያዩ፣ ከጠፋው ጂን አጠገብ ያሉት ጂኖች አብረው ይተላለፋሉ፣ ለውጡንም እነርሱ ሊያመጡት ይችላሉ። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ለብዙ ትውልድ መልሶ ማዳቀል፣ ማነጻጸሪያውን ከዚያው ጎጆ መውሰድ፣ ጂኑን መልሶ አስገብቶ ጉድለቱ መስተካከሉን ማየት። ይህን ያላሟላ ጥናት ሲገጥመኝ እኔም አላምነውም። በነገራችን ላይ በባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ አይጥ የሚለካ ሰው ቁጥሩን ከውጭ አገር ጽሑፍ ቁጥር ጋር ማወዳደሩን ትቶ ከራሱ ማነጻጸሪያ ቡድን ጋር ብቻ ማወዳደር አለበት፤ ይህ ለኖክአውትም ለተራ አይጥም እኩል ይሠራል።

ስለ ጭካኔ በአንድ መስመር ያነሱት ከባድ ነገር ነውና በቀላሉ አልመልሰውም። ከአራት አንዷን ለማግኘት ሌሎቹም ይወለዳሉ፤ ሁሉም ለሙከራ አይውሉም። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጡት መመሪያ፣ በሌላ መተካት ከተቻለ መተካት፣ ቁጥር መቀነስ፣ ስቃይን ማቅለል፣ ማንም አይጥ የሚነካ ሰው የሚገደድበት ሊሆን ይገባል። ማነጻጸሪያውን ከዚያው ጎጆ መውሰድ ራሱ ቁጥር ይቀንሳል።

አምስተኛው፣ “ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?” የሚለው፣ ተማሪዎቹን ልብ የነካው ነው። ጸሐፊው ሐይቁ በእምቦጭ ተወርሮ፣ ሆስፒታሎቻችን በወባ ታማሚ ተጨናንቀው ስለ አይጥ ጂን መነጋገር ቅንጦት ነው ይላሉ። ባሕር ዳር ላይ የኖክአውት አይጥ ማርቢያ ይሠራ ያለ ሰው የለም፤ እኔም አላልኩም። ጥያቄው ተማሪያችን እነዚህን ጥናቶች አንብቦ ይረዳ ወይስ አይረዳ የሚለው ነው። በዓለም አቀፍ ትብብር ጂኖቻቸው አንድ በአንድ የጠፉባቸው የብዙ ሺህ አይጦች ውጤት በነጻ ለማንም ክፍት ነው፤ ስልክና ኔትወርክ ያለው ተማሪ በዩኒቨርሲቲያችን ፔዳ ግቢ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል።

ጉዳዩ ደግሞ ከራሳችን ሥራ የራቀ አይደለም። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ የፋርማኮሎጂ መመረቂያ ጽሑፎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ሕመም ማስታገሻነት ይፈትናሉ። ነጭ አይጥ 55 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ሳህን ላይ ትቀመጣለች፤ የኋላ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ሰዓት ይያዛል፤ እግሯ እንዳይቃጠል ከተወሰነው ሰከንድ በላይ አትቆይም። ከዕፁ የተጨመቀው ሲሰጣት ብዙ ከቆየች፣ ሞርፊንና መሰሎቹ (ኦፒዮይዶች) የሚያርፉባቸውን ሪሴፕተሮች የሚዘጋው ናሎክሶን ተጨምሮ ያ ውጤት ከጠፋ፣ “በኦፒዮይድ ሪሴፕተር በኩል ነው የሚሠራው” ተብሎ ይጻፋል። የትኛው ኦፒዮይድ ሪሴፕተር? የሰውነት የራሱ ኦፒዮይዶች፣ ኢንዶርፊንና ኤንኬፋሊን፣ ኒውሮፔፕታይዶች ናቸው፤ የሚያርፉባቸው ዋና ዋና ሪሴፕተሮችም ሙ፣ ዴልታና ካፓ ናቸው። ናሎክሶን ሙን ያስቀድማል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ግን ሦስቱንም ይዘጋል። ሞርፊን የሚሠራው በሙ በኩል መሆኑን ያለ ጥርጥር ያረጋገጠው በ1996 የብሪጂት ኪፈር ቡድን በስትራስቡርግ ያጠናው የሙ ኖክአውት ነው፤ ሙ የሌላቸው አይጦች ሞርፊን ሕመማቸውን አላስታገሰም፣ አላስደሰታቸውም፣ ሲቋረጥባቸውም አልተንቀጠቀጡም።

ክፍሉን ሊያወጣ የነበረው ተማሪ የሚሠራውም በዚህ ዓይነት ዕፅ ላይ ነው። ምክሬ የኖክአውቱን ክፍል እንዲያስቀር፣ በውይይቱ ክፍልም “በኦፒዮይድ ሪሴፕተር በኩል” የሚለውን “በናሎክሶን የሚዘጋ ነው፤ ከሦስቱ በየትኛው እንደሆነ ይህ ሙከራ አይለይም” ብሎ እንዲያስተካክል፣ ገንዘብ ከተገኘም ዴልታን ለይቶ የሚዘጋውን ናልትሪንዶልንና ካፓን ለይቶ የሚዘጋውን ኖር-ቢኤንአይን እንዲጨምር ነው።